ከዝናቡ በስተጀርባ የነበሩት

ድምፅ ስለ መስረቅ የተሠራ አንድ ዝነኛ ፊልም አለ። ፊልሙ ራሱም ድምፅ ሰርቋል። ይህን ስል ነቀፋ ለመደርደር ፈልጌ አይደለም፤ ፊልሙን ከሚወዱት ሰዎች አንዱ ነኝ። ነገር ግን ደጋግሜ በተመለከትሁት ቁጥር ዐይኔ ከዋናዎቹ ባለታሪኮች እየሸሸ፣ ጆሮዬም ስማቸው ወዳልተጻፈ ሰዎች እያዘነበለ አስቸግሮኛል።

ፊልሙ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬን» ነው፤ በእኛ ቋንቋ «በዝናብ መሐል እያንጎራጎሩ» ብንለው ያስኬዳል። ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ በ1951 ቀርፆ በ1952 ለተመልካች አበቃው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አዘጋጆቹ ጂን ኬሊና ስታንሊ ዶነን፣ የድርሰቱ ጸሐፊዎች ቤቲ ኮምደንና አዶልፍ ግሪን፣ ፕሮዲዩሰሩ አርተር ፍሪድ ነበሩ። ፍሪድ ፕሮዲዩሰር ከመሆኑ በፊት የዘፈን ግጥም ጸሐፊ ነበር። ከዜማ ደራሲው ከናሲዮ ኸርብ ብራውን ጋር በቀድሞ ዘመን የሠሯቸው ዘፈኖች በስቱዲዮው እጅ ነበሩና፣ ለሁለቱ ጸሐፊዎች የተሰጣቸው ሥራ እነዚያን አሮጌ ዘፈኖች የሚሸከም አንድ ታሪክ መፈለግ ነበር። እነሱም ብዙዎቹ ዘፈኖች የተወለዱበትን ጊዜ መረጡ። ድምፅ አልባው ፊልም አፉን የፈታበትን፣ ከ1927 ወዲህ ያለውን ግርግር ማለት ነው።

ታሪኩን ላላዩት ባጭሩ ላውጋ። ሊና ላሞንት የምትባል የድምፅ አልባው ዘመን ኮከብ መልኳ ያማረ፣ ድምጿ ግን ጆሮ የሚበሳ ነው። ፊልም መናገር ሲጀምር ጉዷ ሊወጣ ሆነ። መፍትሔው ምን ይሁን? ኬቲ ሰልደን የምትባል ስም የለሽ ወጣት ትፈለግና እሷ ከማይክሮፎን ፊት ትናገራለች፣ ትዘፍናለች፤ ሊና በሸራው ላይ አፏን ታንቀሳቅሳለች። በፊልሙ መጨረሻ ሊና በሕዝብ ፊት የምትዘፍን መስላ ቆማ ሳለች መጋረጃው ከበስተኋላዋ ይገለጣል። እውነተኛዋ ባለድምፅ ትታያለች፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ፍርድ ይሰጣል።

እንግዲህ ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ኬቲን ሆና የተጫወተችው ዴቢ ሬይኖልድስ፣ ሊናን ሆና የተጫወተችው ጂን ሄገን ናት። ኬቲ ለሊና «ዉድ ዩ» የተባለውን ዘፈን ስትዘፍንላት የምንሰማው ድምፅ ግን የሬይኖልድስ አይደለም፤ ቤቲ ኖይስ የምትባል የስቱዲዮ ዘፋኝ ናት። ኬቲ የሊናን የፍቅር ንግግር በቀስታና በሚያምር ድምፅ ስታነብላት የምንሰማውም ሬይኖልድስን አይደለም። ጂን ሄገን ራሷ ናት! ያ ጆሮ የሚበሳው ድምፅ ለቀልድ የተፈጠረ እንጂ የሄገን የተፈጥሮ ድምፅ ረጋ ያለና ውብ ነበር። ስለዚህ ተዋናይዋ፣ ለራሷ ድምፅ የምታውሰውን ሴት ሆና፣ ለራሷ ድምፅ አዋሰች። እንዲህ ያለውን ነገር ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ቢሰማው ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ሄገን ለዚህ ሥራዋ ለኦስካር ታጭታለች። ስለ ኖይስ ግን ፊልሙ አንድም ቃል አይናገርም። ያልታወቁ ባለድምፆች መታወቅ እንዳለባቸው የሚሰብከው ፊልም የራሱን ባለድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ ትቷት አለፈ። ለእሷ ደግሞ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1941 በወጣው የዋልት ዲስኒ «ዳምቦ» ውስጥ፣ የታሰረችው እናት ዝሆን ኩምቢዋን በፍርግርጉ አሾልካ ልጇን ስታባብል የሚሰማው ዘፈን በኖይስ ድምፅ የተዘፈነ ነው። ዘፈኑ ለኦስካር ታጨ፤ ዘፋኟ ግን በፊልሙ የስም ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈችም።

በእኛም አገር አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲዞር፣ ከታዳሚው መካከል አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ያቀብለዋል። ግጥሙ ያማረ እንደሆነ ሽልማቱ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል። ልዩነቱ ግን እዚያ ቤት ያለው ሁሉ ግጥሙ ከየት እንደመጣ በዐይኑ አይቷል። የሆሊውዱ ውል ዝምታን ይጨምር ነበር። ማርኒ ኒክሰን በ1956 ለዴቦራ ከር፣ በ1961 ለናታሊ ዉድ፣ በ1964 ለኦድሪ ሄፕበርን ስትዘፍን ስሟ ከሸራው ላይ አልነበረም። በዝናቡ ፊልም ውስጥ በትንሽ ሚና የምትታየው ሪታ ሞሬኖም ከ10 ዓመት በኋላ በ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ኦስካር ስትሸለም፣ በፊልሙ ውስጥ ከዘፈኖቿ አንዱን የዘፈነችላት ቤቲ ዋንድ ነበረች።

ስለ ድምፅ ይህን ያህል ካልን ወደ እግር እንምጣ፤ እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ የእግሩ ታሪክ ነው።

ዴቢ ሬይኖልድስ ቀረጻው ሲጀመር 19 ዓመቷ ነበር። ዳንሰኛ አልነበረችም፤ የምታውቀው ጂምናስቲክ ነው። ከኬሊና ከዶናልድ ኦኮነር እኩል እንድትደንስ የተሰጣት ጊዜ ግን ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን፣ ኬሊ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት አሠልጣኝ ሆነባት። እሷ ራሷ በኋላ እንደተናገረችው፣ አንድ ቀን ተስፋ ቆርጣ በልምምድ ክፍል ውስጥ ፒያኖ ሥር ገብታ ስታለቅስ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አያት። ፍሬድ አስቴር ነበር። ታላቁ ዳንሰኛ ልቅሶዋን አላባበለም፤ ወደ ልምምዱ ወሰዳትና ቁጭ ብላ እንድታየው ፈቀደላት። እሱም ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ሲደክም፣ ሲሳሳት፣ ሲበሳጭ አየች። ትምህርቱ ይኸው ነበር።

«ጉድ ሞርኒንግ» የተባለውን፣ ሦስቱ በቤቱ ውስጥ እየዘለሉ ሶፋውን የሚገለብጡበትን ዳንስ ለመቅረፅ ከጠዋት እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ሲያበቃ እግሯ ደምቶ ነበር፤ ተሸክመው ወሰዷት። በሸራው ላይ የምናያት ግን ከእንቅልፏ ገና የነቃች፣ ድካም የሚባል ነገር ያልጎበኛት ልጅ ናት። ሬይኖልድስ በ2016 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ፣ በሕይወቷ ከገጠሟት ሁሉ ይህ ፊልምና ምጥ እጅግ ከባዶቹ መሆናቸውን ስትናገር ኖራለች። ኬሊም ያን ጊዜ መልካም እንዳልሆነላት በኋላ አምኗል።

ኦኮነር ሌላ ፍጥረት ነው። በቮድቪል፣ ማለትም ከከተማ ከተማ በሚዞር የመድረክ ትርኢት ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነበር። ግድግዳ ላይ ሮጦ ወጥቶ ወደ ኋላ ተገልብጦ መውረድን የለመደው በዚያ ነው። «ሜክ ኤም ላፍ» በተባለው ትርኢቱ ይህንኑ ሲያደርግ፣ ከአሻንጉሊት ጋር ሲታገል፣ ወለሉ ላይ ሲሽከረከር እናየዋለን። በዚያን ጊዜ በቀን አራት ፓኮ ሲጋራ ያጨስ እንደነበርና ከቀረጻው በኋላ አልጋ ላይ እንደወደቀ ተናግሯል። ሲነሣ የጠበቀው ዜና የተቀረፀው ፊልም መበላሸቱ ነበር። ሁሉንም እንደገና ሠራው።

ኬሊ ራሱንም አልማረም። በዝናቡ ዳንስ ቀረጻ ጊዜ ከ39 ዲግሪ ያለፈ ትኩሳት ነበረበት። ዝናቡ ከተዘረጋ ቧንቧ የሚወርድ ውሃ ነው። ሌሊት እንዲመስል መንገዱ በጥቁር ሸራ ተሸፍኗል፤ ነጠብጣቡ ለካሜራው ጎልቶ እንዲታይ መብራቱ ከበስተጀርባ በርቷል። ውሃው ላይ ወተት ተጨምሮ ነበር የሚለው ወሬ ተረት ነው፤ ሥራውን የሠራው መብራቱ ነው። ኬሊ እየዘለለ የሚገባባቸው ኩሬዎች እንኳ እንዲያው የተገኙ አይደሉም፤ እግሩ የሚያርፍበት እየተለካ መንገዱ ተቆፍሮ የተዘጋጁ ናቸው።

ግን በዚያ ዳንስ ውስጥ የምንሰማው የእግር ድምፅ የማን ነው? በሙዚቃ ፊልም ዘፈኑ አስቀድሞ ይቀረፃል፤ ተዋናዩ በካሜራ ፊት ከዘፈኑ ጋር አፉን ያስማማል። የጫማው ምት ግን በኋላ ነው የሚገባው፤ ዳንሰኛው ምስሉን እያየ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ዳግመኛ ይረግጣል፣ ያም ከምስሉ ጋር ይጋጠማል። በዝናቡ ዳንስ ደግሞ ምቱ እርጥብ መሆን ነበረበት። እንደሚነገረው ይህን የሠሩት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ካሮል ሄኒና ግዌን ቨርደን። ውሃ በያዘ ዕቃ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ቆመው፣ የኬሊን እግር እያዩ ረገጡለት። በዓለም እጅግ የታወቀው የወንድ ዳንስ የሴት ኮቴ አለበት ማለት ነው። ቨርደን በኋላ በብሮድዌይ ታላቅ ኮከብ ሆና አራት የቶኒ ሽልማት ወስዳለች። ሄኒን ለጊዜው አቆያታለሁ።

ወደ ፊልሙ መጨረሻ ገደማ ለሚመጣው ረጅም የዳንስ ክፍል ኬሊ ያሰባት ይህችኑ ሄኒን ነበር፤ ረዳቱ ናት፣ አካሄዱን ከማንም በላይ ታውቃለች። ፍሪድ ግን መልኳ ለሸራው አይበቃም ባይ ሆነና ሲድ ቻሪስ ተመረጠች። ሄኒ የተነጠቀችውን ቦታ ለተተኪዋ አለማመደቻት። ቻሪስ በቴክሳስ አማሪሎ የተወለደች ስትሆን፣ ባሌት የጀመረችው በልጅነቷ ፖሊዮ ታማ ሰውነቷ እንዲጠነክር ተብሎ ነው። በዚህ ፊልም አንድ ቃል አትናገርም። አረንጓዴ ልብስ ለብሳ፣ ረጅም እግሯን ዘርግታ የኬሊን ባርኔጣ በጫማዋ ጫፍ ይዛ ብቅ ስትል ግን ንግግር የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም። ተረከዛማ ጫማ ስታደርግ ከኬሊ ትረዝም ስለነበር፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው እንዳይቆሙ ኬሊ እንቅስቃሴውን ተጠንቅቆ ነደፈው።

አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ ደግ አይሆንም። ቴፕ ዳንስ የጥቁር አሜሪካውያን ልጅ ነው። አፍሪካዊው ምትና የአየርላንድ የእግር ጭፈራ ተጋጥመው ሲወለድ ጥቁሮቹ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አበቁት። ቴፕን ከፍ ካደረጉት ፊልሞች አንዱ በሆነው በዚህ ሥራ ውስጥ ግን ከእነሱ አንድም ዋና ዳንሰኛ የለም። ኬሊ ራሱ ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1948፣ «ዘ ፓይሬት» በተባለው ፊልም ከኒኮላስ ወንድማማቾች፣ ከፋያርድና ከሃሮልድ ጋር ደንሶ ነበር። በዚያ ዘመን ነጭ ኮከብ ከጥቁሮች ጋር እኩል መደነሱ ቀላል ነገር አልነበረምና ይህ ይመሰገንለታል። ክፍሉ በአንዳንድ የደቡብ ግዛቶች ሲኒማ ቤቶች ተቆርጦ ወጣ። ያ ኮል ፖርተር የደረሰው የዳንስ ዘፈን «ቢ ኤ ክላውን» ይባላል። ኦኮነር ግድግዳ የወጣበት «ሜክ ኤም ላፍ» ዜማው ከዚሁ ዘፈን ጋር ቁርጥ መንትያ ነው፤ አዘጋጁ ዶነን እንኳ ቅጂ መሆኑን አልካደም። ፖርተር ዝም አለ። ዜማው በአዲስ ስም ለዓለም ሲደርስ፣ በመጀመሪያው ዳንስ ላይ የነበሩት ሁለቱ ወንድማማቾች አብረውት አልመጡም።

ፊልሙ ሲወጣ ጥሩ ገበያ ቢያገኝም የዓመቱ ጉድ አልተባለም። የኬሊ የቀደመው ፊልም «ኤን አሜሪካን ኢን ፓሪስ» ያኔ ገና ኦስካሩን መውሰዱ ነበርና ዐይን ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። ይኸኛው ያገኘው ሁለት ዕጩነት ብቻ ነው። ኬሊ በ1996፣ ኦኮነር በ2003፣ ቻሪስ በ2008፣ ዶነን በ2019 ሲያርፉ የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ዝናቡን አነሱ።

አሁን ወደ ካሮል ሄኒ ልመለስ። በ1954 «ዘ ፓጃማ ጌም» በተባለው የብሮድዌይ ትርኢት፣ ቦብ ፎሲ ያወጣውን «ስቲም ሂት» የተባለ ዳንስ ይዛ መድረክ ላይ ወጣች። ባርኔጣ ደፍታ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሳ። ለሸራ አይበቃም የተባለው መልክ በአንድ ሌሊት የኒው ዮርክ መነጋገሪያ ሆነ፤ ቶኒ ተሸለመች። ትርኢቱ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ግን ቁርጭምጭሚቷ ተጎዳ። በእሷ ቦታ ተጠባባቂዋ ወጣች፤ ከተመልካቾቹም መካከል የሆሊውዱ ፕሮዲዩሰር ሃል ዋሊስ ነበረና ልጅቱን የፊልም ውል አስፈረማት። ተጠባባቂዋ ሸርሊ ማክሌን ነበረች።

ሄኒ ከዚያ በኋላ ወደ መድረኩ ጀርባ ተመለሰች። በ1958 «ፍላወር ድረም ሶንግ» በብሮድዌይ ሲቀርብ ዳንሶቹን ያወጣችው እሷ፣ አዘጋጁ ደግሞ የድሮ አለቃዋ ኬሊ ነበር። በማርች 1964 ባርብራ ስትራይሳንድን ታላቅ ኮከብ ያደረገው «ፈኒ ገርል» ሲከፈት ዳንሶቹን ያወጣችው አሁንም ሄኒ ነበረች። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሜይ፣ በ39 ዓመቷ አረፈች። ትርኢቱ ከዚያ በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ ታየ።