ከጭላሎ እስከ ስልክ፦ ገበሬውን ማን ጠይቆት ያውቃል?

ሰሞኑን ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማያወራ የለም። ግብርናችንን ይለውጠዋል ተብሏል። ገበሬው የታመመውን ቅጠል በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በሽታውን ያውቃል፤ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ይነገረዋል፤ ለማሳው ምን ያህል ማዳበሪያ እንደሚበቃ ማሽኑ ይመክረዋል። ቴክኖሎጂው ይህን አይችልም የሚል ሙግት የለኝም። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ እስቲ ከዚህ በፊት «ይለውጥሃል» ተብሎ ለገበሬያችን የመጣለትን ነገር መለስ ብለን እንይ። ዓመተ ምሕረቶቹ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

ከጭላሎ እንጀምር። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ ጠቅላይ ግዛት፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን መንግሥት እርዳታ «ካዱ» እየተባለ የሚጠራው የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ። የተሻሻለ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የእርሻ ምክር ይዞ መጣ። ዓላማው ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን ማገዝ ነበር። ምርትም ጨመረ። መሬቱ ግን የጭሰኛው አልነበረም። ስንዴ አትራፊ መሆኑን ያየ ባለመሬት «ታዲያ እኔው በትራክተር ባርሰውስ?» ማለት ጀመረ። በርካታ ጭሰኞች ከኖሩበት መሬት ተነቀሉ። ዘሩ ጥሩ ነበር፤ ሳይንሱም ትክክል ነበር። ትርፉ ግን የሄደው ወደ ባለመሬቱ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተብሎ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ኮታ መጣ። ገበሬው ካመረተው እህል የተወሰነውን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ የማስረከብ ግዴታ ነበረበት። ዋጋው ከገበያው ያነሰ ነበር። እህል ያነሰው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ጊዜም አለ። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ኮታው እስኪቀር ድረስ ይህ ቀጠለ። ብዙ ባመረተ ቁጥር ብዙ የሚወሰድበት ሰው ለምን ብሎ ምርቱን ለማሳደግ ይተጋል?

በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 መጣ። ከኋላው የአረንጓዴው አብዮት አባት የሚባሉት ኖርማን ቦርሎግና የአሜሪካው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ነበሩ። ገበሬው በግማሽ ሄክታር የሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አንድ ላይ ሞከረ። የበቆሎው ውጤት በጣም ጥሩ ስለነበር መንግሥት ፕሮግራሙን በአገር ደረጃ አሰፋው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. አገሪቱ በቆሎ በቆሎ ሆነች። ዋጋው ግን ወደቀ። ማዳበሪያ በብድር የወሰደው ገበሬ በቆሎውን ሸጦ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በቀጣዩ ወቅት ብዙዎች ማዳበሪያ ቀነሱ። በላዩ ላይ ዝናቡ ቀረ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ከጥጋብ ወደ ረሃብ ለመሻገር ሁለት ዓመት እንኳ አልፈጀም። በመካከሉ ግን የዘሩም ሆነ የማዳበሪያው ጥራት አልተለወጠም።

ጤፍን በመስመር መዝራትም አለ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰፊው ሲቀሰቀስ በሄክታር 30 ኪሎና ከዚያም በላይ ይበተን የነበረው ዘር ወደ 5 ኪሎ ገደማ ይወርዳል፣ ምርቱም ያድጋል ተባለ። በምርምር ጣቢያ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ነገር ግን እንደ አሸዋ የደቀቀ የጤፍ ዘር መስመር እየጠበቁ በእጅ መዝራት ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላ ያጎነበሰ ያውቀዋል። ብዙ ገበሬ ሞክሮ ወደ ብተናው ተመለሰ። እኛም «ገበሬው ለውጥ አይወድም» አልን። እሱ ግን የሰው ጉልበቱን አስልቶ ነበር።

እስካሁን የዘረዘርኩት ሁሉ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም ለማለት እንዳይመስላችሁ። በተቃራኒው፣ መረጃ ማጣት ምን ያህል እንዳስከፈለን የሚያሳይ ታሪክም አለን። ለአሥርት ዓመታት ለአገሪቱ አፈር የታዘዘው መድኃኒት አንድ ነበር፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ቀይ አፈርም ይሁን መረሬ፣ ደጋም ይሁን ወይና ደጋ፣ ያው ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ግን በብዙ ቦታ አፈሩ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክም እንደሚጎድለው ታየ። ሁሉንም በሽተኛ በአንድ ኪኒን ስናክም ኖረናል ማለት ነው።

ዋግንም እናስታውስ። በ2003 ዓ.ም. መባቻ ቢጫ ዋግ በስንዴው ላይ ተነሣ፤ በሰፊው የተዘሩት ኩብሳና ጋላማ የተባሉት ዝርያዎች አልቻሉትም። ቢጫ ዋግን ይቋቋማል የተባለው ዲገሉ በየቦታው ተዘራ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉን መታው። ዛሬ የዋጉ ብናኝ በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒዩተር ተሰልቶ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበት ሥርዓት አለ። ስሌቱን የሚመግቡት ግን ማሳ ለማሳ እየዞሩ በሽታውን በዓይናቸው አይተው የሚመዘግቡ ባለሙያዎች ናቸው። እነሱ ካልዞሩ ማሽኑ ዕውር ነው።

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው 8028ም ትልቅ ትምህርት ነው። ገበሬው በተራ ስልክ፣ ያለ ክፍያ ደውሎ፣ በሚናገረው ቋንቋ የእርሻ ምክር ይሰማል። ማንበብ አይጠበቅበትም፤ ዘመናዊ ስልክ አያስፈልገውም። ሚሊዮኖች የደወሉት ለዚህ ነው። ገበሬ ለውጥ አይወድም የሚል ሰው ይህን ያስብ።

እንግዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲመጣ የሚያሳስበኝ ይሳሳታል ብዬ አይደለም፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ይሳሳታል። የሚያሳስበኝ ስሕተቱን ማን ይሸከማል የሚለው ነው። በጭላሎ የተሸከመው ጭሰኛው ነበር። በ1994 ዓ.ም. የተሸከመው ባለ ዕዳው ገበሬ ነበር። ነገ ማሽኑ «በዚህ ሳምንት ዝራ» ብሎ ዝናቡ ቢቋረጥ፣ ድርጅቱ ፕሮግራሙን ያስተካክላል፣ ባለሙያው ሪፖርት ይጽፋል፣ ገበሬው ግን የዘር እህሉን አጥቷል። ልጆቹ የሚበሉትን።

ስለዚህ ከመተግበሪያው በፊት ሁለት ነገር ይቅደም። አንደኛ፣ የተሰጠውን ምክር ተከትሎ የዘራ ገበሬ ሰብሉ ሲጠፋበት ኪሳራውን የሚጋራ ኢንሹራንስ ወይም የብድር ምሕረት አብሮ ይምጣ። በምክሩ የሚተማመን አካል ለምክሩ ዋስ መሆን አይከብደውም። ሁለተኛ፣ ገበሬው «አይሆንም» ሲል ምክንያቱ ይመዝገብ። የጤፉን መስመር የተወው ገበሬ ምክንያቱን ተናግሮ ነበር፤ የሚጽፍለት ግን አልነበረም። በሺህ የሚቆጠሩ ገበሬዎችን ንግግር በየቋንቋቸው ሰምቶ ማጠናቀር የሚችል መሣሪያ ከተገኘ፣ እውነተኛው አዲስ ነገር እሱ ነው። መምከር ማንም ያውቅበታል፤ ከጭላሎ ጀምሮ ሲመከር የኖረ ሕዝብ ነው።

በመንግሥት አፍ «ገበሬ» የሚለው ቃል «አርሶ አደር» ከሆነ ቆይቷል። ስሙ ከፍ ብሏል። ትእዛዙ ግን ዛሬም ከላይ ወደ ታች ነው። ማሽኑ በዚሁ መስመር ላይ ከተቀጠለ፣ የምናገኘው ቶሎ የሚደርስ ትእዛዝ ብቻ ነው።