የውሃ መግቢያ፦ ከኬፕ ታውን ካይሮ የዘለቁት ተሳቢ ቤቶችና የስፌታቸው ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1959 ከደቡብ አፍሪካዋ የወደብ ከተማ ከኬፕ ታውን አንድ ያልተለመደ ሰልፍ ተነሣ። በመኪና የሚጎተቱ 41 ተሳቢ ቤቶች፣ ገላቸው እንደ ብር የሚያንጸባርቅ፣ ማዕዘናቸው እንደ እንቁላል የተሞለሞለ፣ ተከታትለው ወደ ሰሜን አመሩ። ባለቤቶቹ አሜሪካውያን ነበሩ፤ መሪያቸውም ቤቶቹን የሚሠራው የኤርስትሪም ኩባንያ መሥራች ዋሊ ባያም ነበር። ሰልፉ ምሥራቅ አፍሪካን አቋርጦ፣ ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ ዘልቆ፣ አዲስ አበባ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝቶ፣ በ1960 ካይሮ ገባ። በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ የተነሡት ፎቶግራፍም የዘመኑ የጉዞ ታሪክ መለያ ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ ጉዞ የሚተርኩ ሰዎች ስለ ርቀቱ፣ ስለ መንገዱ ክፋትና ስለ ተጓዦቹ ድፍረት ያወራሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ግን ከፎቶግራፉ ላይ በዓይን ወደማይታይ ነገር አንባቢን ይወስዳል፤ ይኸውም የቤቶቹ ስፌትና በስፌቱ መካከል የተቀባው ማሸጊያ ነው። ከዚያ ዘመን ከተሠሩት ተሳቢ ቤቶች ዛሬ ቆመው የሚገኙትንና አፈር የበላቸውን ከለዩት ነገሮች መካከል ይህ ትንሽ ነገር ዋነኛው ነውና።

ከአውሮፕላን የተወረሰ ገላ

የብርማው ቤት አባት አውሮፕላን ነው። ሆውሊ ቦውለስ የተባለው የአየር ተንሸራታቾች ሠሪ፣ ቀደም ሲል በ1927 ቻርልስ ሊንድበርግ አትላንቲክን ለብቻው የተሻገረበት አውሮፕላን ሲሠራ በፋብሪካው ውስጥ ኃላፊ የነበረ ሰው፣ በ1934 የአልሙኒየም ተሳቢ ቤት ሠራ። የእርሱ ሥራ በንግድ ሳይሳካ ቢቀርም ባያም ሐሳቡን ወርሶ በ1936 ክሊፐር የተባለውን ሞዴል አወጣ። እንደ አውሮፕላን ሁሉ የዚህ ቤት ጥንካሬ የሚገኘው ከራሱ ቆዳ ነው። ስስ የአልሙኒየም ገበታዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው በሪቬት ይሰፋሉ፤ የተሰፋው ቅርፊት ኮምፖርሳቶ ከተነጠፈበት ወለል ጋር በብረት ሻሲ ላይ ይታሰራል።

በሌላ በኩል በዚያው ዘመን በርካሽ ይሸጡ የነበሩት ሌሎች ተሳቢ ቤቶች አጥንታቸው እንጨት፣ ልብሳቸው ስስ አልሙኒየም ነበር። በእነዚህ ላይ ደግሞ የጣሪያውና የግድግዳው ቆርቆሮ ጥግ ላይ ይገናኝና ከላዩ የብረት ጠርዝ በብሎን ይታሰርበታል። ሁለቱም ዓይነቶች አንድ የጋራ ጠላት ነበራቸው፤ እያንዳንዱ ሪቬት፣ እያንዳንዱ ብሎን፣ እያንዳንዱ መስኮት በቤቱ ቆዳ ላይ የተበሳ ቀዳዳ መሆኑ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ቆርቆሮ ራሱ ዝናብ አያሳልፍም፤ የሚያፈሰው በምስማሩ ዙሪያ ነው። አባቶቻችን በየምስማሩ ራስ ላይ ካትራሜ የሚቀቡት ለዚህ ነበር።

ለምን ይከፈታል?

ከቤት ጣሪያ ይልቅ የተሳቢ ቤት ችግር የሚብሰው ስለሚንቀሳቀስ ነው። አልሙኒየም በሙቀት የሚለጠጥ ማዕድን ነው፤ የ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ሲያገኘው እያንዳንዱ ሜትር ወደ 1 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ይረዝማል። ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ቤት በቀን ፀሐይና በሌሊት ብርድ መካከል ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይተነፍሳል ማለት ነው። በዚህ ላይ የመንገዱን መንቀጥቀጥ ጨምሩበት። በሰሜን ኬንያ በኩል ከማርሳቢት ወደ ሞያሌ የሚወስደውን መንገድ አስፋልት ሳይለብስ የተጓዘበት ሰው፣ በዚያ ድንጋይ ላይ አንድ ስፌት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚላወስ ለመገመት አያዳግተውም።

ስለዚህ ማሸጊያው ከስፌቱ ጋር አብሮ መላወስ አለበት። የጥንቱ የመስኮት ስቱኮ፣ ከተልባ ዘይትና ከተፈጨ ኖራ ድንጋይ የተለወሰው፣ ለማይንቀሳቀስ የቤት መስኮት መልካም ነው፤ በመንገድ ላይ ግን ደርቆ ይሰነጠቃል። ቡቲል የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ በ1937 አሜሪካ ውስጥ ተፈለሰፈ፤ ከዚህ ጎማ የሚሠራው ተለጣፊ ጥብጣብ ሳይደርቅ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ ዛሬ አሮጌ መስኮቶችን መልሰው ለሚገጥሙ ሰዎች ዋና መሣሪያ ሆኗል። ለስፌቶቹ ደግሞ ፖሊዩሬቴን የተባለው እንደ ጎማ የሚለጠጥ ማጣበቂያ ይመረጣል።

ይህ ጥበብ ለክፍለ አህጉራችን እንግዳ አይደለም። በላሙና በሞምባሳ የጀልባ ሠሪዎች በሳንቃ መካከል ያለውን ክፍተት ዘይት በጠጣ ጥጥ ይደፍናሉ፤ ስዋሂሊ ይህን ሥራ ካላፋቲ ይለዋል። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጨመታል፤ ጥጡም አብሮ ይለጠጣል፣ አብሮ ይጨመቃል። የባሕሩ ጠቢብና የአልሙኒየሙ ጠቢብ ሳይተዋወቁ የደረሱበት መደምደሚያ አንድ ነው። የሚላወስን ነገር በሚላወስ ነገር እንጂ በግትር ነገር ማሸግ አይቻልም።

የተደበቀው ጥፋት

ውሃ በገባበት ቦታ ቢታይ ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በውጭውና በውስጡ ግድግዳ መካከል ሾልኮ፣ በብርጭቆ ሱፉ ውስጥ ተጉዞ፣ ከገባበት ርቆ ወለሉ ላይ ያርፋል። በዚያም ኮምፖርሳቶው ቀስ እያለ ይበሰብሳል። በተለይ በ1970ዎቹ በተሠሩት ረዣዥም ኤርስትሪሞች ላይ የታወቀው በሽታ ይኸው ነው፤ የኋላው ወለል ሲበሰብስ ብሎኖቹ የሚይዙት ያጣሉ፣ ቅርፊቱም ከሻሲው ይላቀቃል። ከውጭ ሲያዩት የሚያብረቀርቀው ቤት ከሥሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል።

ከሁሉ የከፋው ጥፋት ግን ብዙ ጊዜ በደግ ልብ የተሠራ ነው። ያፈሰሰበት ባለቤት ሲሊኮን ገዝቶ በአሮጌው ማሸጊያ ላይ ይለቀልቃል። ለአንድ ክረምት ይረዳዋል። ነገር ግን ሲሊኮን በላዩ ቀለምም ሆነ ሌላ ማሸጊያ አያስይዝም፤ ሲላጥም በዓይን የማይታይ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ጠጋኝ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ሌላው ደግሞ በመስኮቱ ግርጌ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች የፍሳሽ ምክንያት መስለውት ይደፍናቸዋል። እነርሱ ግን የገባው ውሃ ተመልሶ እንዲወጣ ሆን ተብለው የተበሱ ናቸው፤ ሲደፈኑ ውሃው ፊቱን ወደ ቤት ያዞራል።

ትክክለኛው መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል። መስኮቱ ከነፍሬሙ ይወጣል፤ አሮጌው ማሸጊያ አልሙኒየሙን በማይቧጭር የፕላስቲክ መፋቂያ ተነሥቶ ቦታው በአልኮል ይጸዳል፤ የቡቲሉ ጥብጣብ በዙሪያው ይነጠፋል፤ ብሎኖቹም አንዱ ከሌላው ሳይቀድም ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ። የላሉ ሪቬቶች ወጥተው አዲሶቹ ማሸጊያ ተቀብተው ይገባሉ። በመጨረሻም አንዱ ሰው ውስጥ ሆኖ ሲመለከት ሌላው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ውሃ ያፈስበታል። ከላይ የጀመረ እንደሆነ ውሃው ሁሉንም ስለሚያለብሰው የትኛው ስፌት እንዳፈሰሰ አይታወቅም። የሣር ክዳን ከግርጌ ተጀምሮ ወደ ጉልላት እንደሚወጣ ሁሉ ምርመራውም እንዲሁ ነው።

ዋሊ ባያም በ1962 ዐረፈ። ስሙ በታሪክ ተጽፎ ይገኛል፤ እንዲህም መሆኑ ተገቢ ነው። ይሁንና የእርሱን ዘመን ቤቶች ለዛሬው ትውልድ ያደረሱት ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው፤ በየጊዜው ከቤቱ ሥር ተንጋለው በባትሪ ወለሉን የፈተሹ፣ ጣሪያው ላይ ወጥተው የሪቬቱን ራስ በጣታቸው የዳሰሱ። ቤት የሠራ ሰው አንድ ጊዜ ይመሰገናል። ቤቱን ከዝናብ የሚጠብቅ ሰው ግን ሥራው የሚታወቀው ሳያፈስ በቀረ ጊዜ ስለሆነ ምስጋናውን የሚያስታውስለት የለም። የአንድ ዘመን ሥራ ለሌላው ዘመን የሚተርፈው ግን በሁለቱም እጅ ነው።