ኬላና የተሰወረ ጭነት

የሲራራ ነጋዴ ከጎንደር ወደ ምጽዋ ሲወርድ፣ ወይም ከእናርያ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም በባሶ ገበያ በኩል ወደ ሰሜን ሲያቀና፣ ከሽፍታና ከወንዝ ሙላት ጋራ አብሮ የሚያስጨንቀው በየበሩና በየመሻገሪያው የቆመው ኬላ ነበር፤ ይኸውም አንዱ መስፍን ቀረጡን ከተቀበለ በኋላ የቀጣዩ ግዛት ጌታ ደግሞ በበኩሉ ስለሚጠይቅ፣ የቀረጡም ልክ በተጻፈ ሥርዓት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በልማድና በቀራጩ ፈቃድ ስለሚወሰን፣ ነጋዴው ከቤቱ ሲነሣ በመንገድ የሚከፍለውን አስቀድሞ ለማስላት ስለማይችል ነው።

ጨውና ቡና በአጋሰስ ተጭነው በግልጽ የሚቆጠሩ በመሆናቸው ለመሰወር አይመቹም። ወርቅና ዝባድ ግን መጠናቸው ጥቂት፣ ዋጋቸው ብዙ ስለ ሆነ፣ ይልቁንም ዝባድ በከብት ቀንድ ታሽጎ ስለሚጓዝ፣ በስንቅ መካከል ቢያስቀምጡት ከዓይን ያመልጣል። ጭነቱን አሳንሶ የሚናገር ነበረ፤ በሌሊት በስውር መንገድ ኬላ ሰብሮ የሚያልፍም አልጠፋም። የተያዘ እንደ ሆነ ግን የጎደለውን ቀረጥ ሞልቶ መሄድ አይበቃውም፤ የሰወረው ዕቃ፣ አንዳንድ ጊዜም ጭነቱ በሙሉ ይወረስበት ነበር። የብዙ ወራት ድካም በአንዲት የሐሰት ቃል ይጠፋል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የፈራጁ ሁኔታ ነው። ነጋድራሱ የነጋዴዎች አለቃና ዳኛ፣ የቀረጥም ሰብሳቢ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ሹመቱን የሚይዘው በዓመት የተቈረጠ ገንዘብ ለመንግሥት ለማስገባት ስለ ሆነ፣ ከዚያ የተረፈው የራሱ ጥቅም ይሆናል። የኢያሪኮው ሊቀ መጸብሓን ዘኬዎስ፣ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ፣ በሐሰት ከሰው የወሰድሁት ቢኖር አራት እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ ማለቱን ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል፤ በኛ ኬላዎች ግን አራት እጥፍ ሲመልስ የታየ ቀራጭ እንደ ነበረ ታሪክ አይነግረንም። እንግዲህ ነጋዴው መዋሸቱ በደል መሆኑ የማይካድ ቢሆንም፣ ከቅጣቱ በሚጠቀም ዳኛ ፊት እውነት ተናገር ማለት እጅግ ከባድ ሸክም እንደ ነበረ መመስከር ይገባል።

ዐፄ ቴዎድሮስ የኬላዎችን ብዛት ለመቀነስ አስበው ነበር፤ ዘመናቸው ግን በጦርነት አለቀ።

የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የጥፋቱም መልክ ተለወጠ። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋራ በተደረገው ውል ወደ ሀገር በሚገባው ዕቃ ላይ ከዋጋው ከመቶ 10፣ በመጠጥ ላይ ከመቶ 8 እንዲከፈል ስለ ተወሰነ፣ ቀረጡ በጭነት ቍጥር መሆኑ ቀርቶ በዋጋ ሆነ፤ ስለዚህ ቀረጥ ለማምለጥ ዕቃውን መደበቅ ሳያስፈልግ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መናገር ብቻ በቂ ሆነ። በፊት ሣጥን ከፍቶ ያየ ሁሉ ሐሰቱን ይደርስበት ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን የጉምሩክ ሹም የባዕድ ሀገር ገበያንና የሒሳብ ወረቀትን ማወቅ ግድ ሆነበት።

በዚያው በድሬዳዋ ጉምሩክ የተሾሙት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ በአውሮፓ የተማሩ፣ ሥራውንም ከውስጥ ያወቁ ሰው ነበሩ። እኒህ ሊቅ፣ ራሳቸው የቀረጥ ሹም ሳሉ፣ በሀገር ውስጥ ከአውራጃ ወደ አውራጃ የሚከፈለው ቀረጥ ንግድን እንደሚያቀጭጭና ሕዝብን እንደሚያደኸይ ማስተማራቸው ታላቅ ቅንነት ነው፤ በእኔ ግምት ከብዙ ዘመን የውርስ ቅጣት ይልቅ የተሰወረውን ጭነት ወደ ብርሃን ሊያወጣ ይችል የነበረው የእርሳቸው ምክር ነበር። ሆኖም በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው ዐረፉ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ታትሞ የወጣው ከ5 ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።