ምላጭና የሴቶች እግር ቆዳ፦ የአንድ ልማድ ሕክምናዊ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2000 በሰሜን ካሊፎርኒያ አንድ ሐኪም እግራቸው ላይ ብጉንጅ የወጣባቸው፣ ብጉንጁ አልድን ያላቸውና በተለመደው የባክቴሪያ ካልቸር ምንም ያልተገኘባቸው አራት ሕሙማን ገጠሟቸው። አራቱም የእግር ጥፍራቸውን የተሠሩት በአንድ የውበት ቤት ነበር። ምርመራው ሲሰፋ የሕሙማኑ ቁጥር 110 ደረሰ። ከ34ቱ በተወሰደ ናሙና ፈጥነው የሚያድጉ ማይኮባክቴሪያዎች የተገኙ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 32ቱ ማይኮባክቴሪየም ፎርቱይተም ነበሩ። ይኸው ተሕዋስ በቤቱ በነበሩት 10 የእግር መዘፍዘፊያ ገንዳዎች ሁሉ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ በጥናቱ የተካተቱት የታመሙትም ሆኑ ያልታመሙት ደንበኞች በእነዚሁ ገንዳዎች ተጠቅመው ስለነበር፣ አንዷ ታማ ሌላዋ የተረፈችበትን ምክንያት ውኃው ብቻውን ሊያስረዳ አልቻለም። ልዩነቱን ያሳየው ምላጭ ነው። ከታመሙት መካከል 70 በመቶው ወደ ውበት ቤቱ ከመሄዳቸው በፊት እግራቸውን በምላጭ የተላጩ ሲሆኑ፣ ካልታመሙት መካከል ግን የተላጩት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህ ጥናት በ2002 ታትሞ ሲወጣ አንድ የቆየ ቸልተኝነትን አጋለጠ። ከተላጩ በኋላ የሚሰማው የመለብለብ ስሜት፣ መቅላትና ማሳከክ እንደ ውበት ጉዳይ እንጂ እንደ ቆዳ ቁስል ሳይቆጠር ለአሥርተ ዓመታት ቆይቷል። ቸልተኝነቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የልማዱን አመጣጥ መመልከት ያስፈልጋል።

ኪንግ ካምፕ ጂሌት ስለቱ የሚቀየር መላጫ ለገበያ ያቀረበው በ1903 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት የተሸጡት 51 መላጫዎች ብቻ ነበሩ። መላጫው የተሠራው ለወንዶች ጺም ነበር። በ1915 ግን ኩባንያው ሚላዲ ዴኮልቴ የተባለ የሴቶች መላጫ አወጣ። በጊዜው ዒላማው የብብት ፀጉር ነበር፤ እጅጌ አልባ ቀሚስ ፋሽን ሆኖ ነበርና። በ1920ዎቹ ቀሚስ ሲያጥር ተራው የእግር ሆነ። የናይለን ስቶኪንግ በ1940 በመላው አሜሪካ መሸጥ በጀመረ በሁለት ዓመቱ ናይለኑ ለጦርነቱ ተወሰደ። ሴቶችም ባዶ እግራቸውን ስቶኪንግ የለበሰ እንዲመስል በቀለም መቀባት ያዙ። ቀለሙ ደግሞ ፀጉር ባለበት እግር ላይ አያምርም። ልማዱ ከዚያ ወዲያ ጸንቶ ቀረ።

ምላጭን ያልወደዱ ሴቶች የተሸጠላቸው አማራጭ ግን እጅግ የከፋ ነበር። በ1920ዎቹ ዶክተር አልበርት ጋይዘር ትሪኮ በሚባል መሣሪያ የፊት ፀጉርን በኤክስሬይ ማርገፍን አስፋፉ። ፀጉሩ ያለ ሕመም ይረግፍ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን ቆዳው ተጨማደደ፣ ቆሰለ፣ በአንዳንዶቹም ላይ ካንሰር ወጣ። በ1930 ገበያ ላይ የዋለው ኮረምሉ የተባለው ቅባት ደግሞ ታሊየም አሲቴት የያዘ ነበር። ታሊየም ፀጉርን የሚያረግፈው መላ አካልን በመመረዝ ስለሆነ የተቀቡት ሴቶች የራስ ፀጉራቸውን አጡ፤ ሽባነትና ከባድ የነርቭ ሕመም የደረሰባቸውም ነበሩ። አምራቹ በ1932 ከሰረ፤ ማስዋቢያዎችን የሚቆጣጠር የፌዴራል ሕግ ግን እስከ 1938 አልወጣም። ከእነዚህ ጎን ሲታይ ምላጭ ምንኛ የዋህ መስሎ ታይቷል! የሚያደርሰው ጉዳት ከሐኪም ዐይን የተሰወረውም ጉዳቱ ትንሽ በመሆኑ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

የጉዳቱን አሠራር ለመረዳት ያስቻለው የሴቶች እግር ሳይሆን የወንዶች ጺም ነው። ስትራውስና ክሊግማን በ1956 እንዳሳዩት፣ የተጠቀለለ ፀጉር በምላጭ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ ሲያድግም ጎብጦ ቆዳውን መልሶ ይወጋል። ከቆዳው ወለል በታች ከተቆረጠ ደግሞ ገና ሳይወጣ የራሱን ከረጢት ግድግዳ ይበሳል። ሰውነት ፀጉሩን እንደ ባዕድ ነገር ስለሚዋጋው እብጠትና መግል የያዘ ብጉር ይከተላል፤ ከዳነም በኋላ በጠይም ቆዳ ላይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ፀጉሩ የተጠቀለለ ሰው በሚበዛበት አገራችን ይህ ሊተኮርበት የሚገባ ነጥብ ነው። በጭንና በብሽሽት አካባቢም የሚሆነው ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ከማስታወቂያው ጋር ይጋጫል፦ ቆዳውን የሚጎዳው ራሱ «እጅግ ለስላሳ» መላጨት ነው። በ1971 የወጣው ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ፀጉሩን በአንደኛው ስለት ስቦ በሁለተኛው የሚቆርጥ በመሆኑ፣ የተቆረጠው ፀጉር ከቆዳው ወለል በታች ሊገባ ይችላል። ቆዳዋ የሚቆጣባት ሴት ስለዚህ ጥቂት ፀጉር የሚያስቀር የኤሌክትሪክ መቁረጫ ብትጠቀም ይሻላታል። በምላጭ ከሆነም ገላዋን ታጥባ ፀጉሩ በሞቀ ውኃ ከለሰለሰ በኋላ ቅባት ወይም አረፋ ቀብታ፣ ቆዳውን ሳትወጥር፣ ሳትጫን፣ ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ትላጭ። በአንድ ቦታ ደጋግሞ መመላለስና የደነዘዘ ምላጭ ቆዳውን ይፍቁታል። በየመሐሉ ምላጩን ማጠብ፣ ቶሎ ቶሎ መቀየርና ከሌላ ሰው ጋር አለመዋዋስም ይገባል። ቆዳው ከተቆጣ እስኪድን መላጨቱን ማቆም እንጂ በላዩ ላይ መድገም አይበጅም። መላጨት ፀጉርን ያወፍራል የሚለው ፍርሃት መሠረት እንደሌለው ሚልድረድ ትሮተር በ1928 ባደረጉት ልኬት ታይቷል፤ እምነቱ ግን ከዚያ ወዲህም አልጠፋም።

ሆስፒታሎችም ቢሆኑ ከዚህ ስህተት ነጻ አልነበሩም። ከቀዶ ሕክምና በፊት መላጨት የንጽሕና ምልክት ተደርጎ ሲሠራበት ኖሯል። በ1971 ሴሮፒያንና ሬይኖልድስ ባወጡት ጥናት ግን፣ በምላጭ ከተላጩት ሕሙማን 5.6 በመቶው የቁስል ኢንፌክሽን ሲይዛቸው፣ ፀጉራቸው በማርገፊያ ቅባት ከተነሣላቸው ወይም ጭራሽ ካልተነካባቸው መካከል የተያዙት 0.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ ፀጉሩ ባለበት እንዲቀር፣ የግድ ከሆነም በመቁረጫ ማሽን ብቻ እንዲነሣ አዟል። መመሪያው ግን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ለሚመጣው እንጂ ቤቷ ላለችው ሴት በራሱ አይደርስም። ብዙ ሴቶች ለሐኪም ንጹሕ ሆኖ መቅረብ ተገቢ መስሏቸው በዋዜማው ራሳቸውን ይላጫሉ። እንዳይላጩ መንገር ያለበት በቀጠሮው ዕለት ቀጠሮውን የሚሰጠው ባለሙያ ነው።