ያልጨመረው ዋጋ

ሙጃ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ሳለ የእህቴ ልጅ የኢኮኖሚክስ የቤት ሥራውን ይዞ መጣ። «ዋ» ዋጋ ነው፤ የገብስ ፍላጎት 120 − 2ዋ፣ አቅርቦቱ 20 + 2ዋ ቢሆን ሁለቱ የት ይገናኛሉ? 100ን ለ4 አካፈልን። ዋጋው 25 ብር፣ የሚሸጠው 70 ቁና ሆነ።

«ድርቅ ቢመጣስ?» አልኩት።

«አቅርቦት ይቀንሳል፤ ዋጋ ይሰቀላል።»

የተማረውን ነው የመለሰልኝ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነበር። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ሕዝቡ በረሃብ ሲረግፍ የደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ ጭራሽ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን እንደነበር ጠቅሷል። (የደሴ ገበያ ከመኪና መንገድ ርቆ ስለሚኖረው የላስታ ደገኛ ሁሉን ይናገራል ብዬ ግን አላምንም።) ዋጋ ብቻ ለሚያይ ሰው ደሴ ሰላም ነበረች። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ጉዱን ለዓለም ያሳየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው።

«እንዴት ሊሆን ይችላል?» አለ ልጁ።

ከሁለቱም 30 ቀንስ አልኩት። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጥቷል፤ በሬውን ገበያ ቢያወጣ እንኳ ዋጋ አያወጣለትም። 90 − 2ዋ = 2ዋ − 10። ሠራው፤ ያው 25 ብር። የተሳሳተ መስሎት ሊሰርዘው ሲል እጁን ያዝኩት። የሚሸጠው 40 ቁና ነው።

እርሳሱን አስቀምጦ፣ «ሠላሳውን ቁና ይበሉ የነበሩትስ?» አለኝ።