ከ24 ሙከራ 3፦ የአንድ ጨዋታ ወረቀት ሲነበብ

"ሰነድ ዝም ብሎ አያወራም፣ ጠይቁት" እያልኩ ሳሰለቻችሁ የኖርኩ መምህራችሁ ዛሬ ደግሞ በቅርጫት ኳስ መጣሁባችሁ። ሰነዱ አንድ ገጽ ነው። የጨዋታ ስታቲስቲክስ ወረቀት፦ ማን ስንት አስገባ፣ ስንት ሳተ፣ ስንት ኳስ ቀማ። ቀኑ ነሐሴ 9 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ቦታው አቴንስ ኦሎምፒክ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳታምታቱብኝ።) እኛ አቴንስን የምናስታውሰው ከዚያ አምስት ቀን ቆይቶ በተሮጠው 10,000 ሜትር ነው፤ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ። እውነት ነው፣ የዚያን ሰሞን ለቅርጫት ኳስ ጊዜ የነበረው ሰው አገራችን ውስጥ ብዙ አልነበረም።

ውጤቱ እንዲህ ነው፦ ፖርቶ ሪኮ 92፣ አሜሪካ 73።

ይህ ቁጥር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚገባችሁ ከበስተኋላው ያለውን ስታዩ ነው። አሜሪካ እስከዚያች ቀን ድረስ በኦሎምፒክ የወንዶች ቅርጫት ኳስ 109 ጊዜ አሸንፋ የተሸነፈችው 2 ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም በሶቪየት ኅብረት፣ በ1972 እና በ1988። በ1992 የኤንቢኤ ተጫዋቾችን መላክ ከጀመረች ወዲህማ 24 ጊዜ ተጫውታ 24ቱንም አሸንፋለች። እነዚሁ ሁለት ቡድኖች ከሁለት ሳምንት በፊት ፍሎሪዳ ውስጥ የወዳጅነት ጨዋታ አድርገው አሜሪካ 96 ለ71 ረትታለች። በ25 ነጥብ ያሸነፈ ቡድን በሁለት ሳምንት ውስጥ በ19 ነጥብ ተሸነፈ ማለት ነው። እንዴት?

ወረቀቱን እንጠይቀው። በእረፍት ሰዓት ውጤቱ 49 ለ27 ነበር፤ ነገሩ ያለቀው ገና በግማሹ ነው ማለት ይቻላል። ከሁሉም በላይ ግን ዓይኔን የያዘው የባለ ሦስት ነጥብ ሙከራዎች ዓምድ ነው። አሜሪካ 24 ጊዜ ሞክራ 3 አስገባች። ፖርቶ ሪኮ 16 ጊዜ ሞክራ 8 አስገባች። እስቲ አብረን እናስላ፦ አሜሪካ ከሩቅ ያገኘችው 9 ነጥብ፣ ፖርቶ ሪኮ 24። ልዩነቱ 15 ነው። ስለዚህ ከ19ኙ የመሸነፊያ ነጥብ 15ቱ ከቅስቱ ውጭ የመጣ ነው፤ በቀረው ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች የተለያዩት በ4 ነጥብ ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ መስመሩ ለአሜሪካኖቹ ይቀርባቸው ነበር! በኤንቢኤ ሜዳ መሀል ላይ የባለ ሦስት ነጥብ መስመር ከቅርጫቱ 7.24 ሜትር ይርቃል፤ በዚያን ጊዜው ዓለም አቀፍ ሕግ ግን 6.25 ሜትር ነበር። አንድ ሜትር ያህል ቀርቦላቸው ነው የሳቱት። ፖርቶ ሪኮዎች ሰው በሰው ከመያዝ ይልቅ ቅርጫቱ ሥር ያለውን ቦታ ተካፍለው ዘጉት፤ ዞን የሚባለው አከላከል ነው። ኤንቢኤ ይህን የፈቀደው ገና በ2001 ስለሆነ ለአሜሪካኖቹ ብዙም የለመዱት ነገር አልነበረም። ዞን ለተቃራኒው "ከሩቅ ወርውር" ብሎ በሩን ክፍት ይተውለታል፤ የሚበረግደው ጥሩ ወርዋሪ ሲመጣ ነው። የዚያ ዓመት የአሜሪካ ቡድን ደግሞ በሯጭና በዘላይ የተሞላ እንጂ ከሩቅ አስገቢ ሆን ተብሎ የተመረጠበት አልነበረም። ቲም ደንከን 15 ነጥብ አስገብቶ 16 ሪባውንድ ወሰደ፤ ውስጥ ያለው ሥራ ተሠርቷል። አለን አይቨርሰንም 15 አስገባ። የጠፋው የውጭው ነው።

"ምርጦቹ ስላልመጡ ነው" የሚለውን ወሬ እስከ ዛሬ እሰማለሁ፤ አሜሪካ ያላችሁ ተማሪዎቼም ጽፋችሁልኛል። ሻክና ኮቢ አልሄዱም፣ ልክ ነው። ሌብሮን ሄዷል፣ ግን ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ቢሆንም ደንከን በ2002 እና በ2003፣ አይቨርሰን በ2001 የኤንቢኤ ኮከብ ተብለው የተሸለሙ ናቸው። በእኔ እይታ ወረቀቱ የሚያሳየው የስም እጥረትን ሳይሆን ጥቂት ሳምንት ብቻ አብሮ የተለማመደ ስብስብ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ራስጌ ልውሰዳችሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው። በአንድ በኩል "ፖርቶ ሪኮ"፣ በሌላው "አሜሪካ" ይላል። ሁለት አገር። እንዴ! የሁለቱም ቡድን ተጫዋቾች እኮ የአንድ አገር ዜጎች ናቸው። አሜሪካ ደሴቲቱን ከስፔን የወሰደችው በ1898 ነው፤ ለሕዝቡ ዜግነት የሰጠችው በ1917። እዚያ የሚኖር ሰው ግን እስከ አሁን ፕሬዚዳንት አይመርጥም፤ ወደ ኮንግረስ የሚልከው እንደራሴም በሕግ ማጽደቅ ላይ ድምፅ የለውም። በ1948 የወጣ አንድ ሕግ የፖርቶ ሪኮን ባንዲራ ቤት ውስጥ እንኳ ማስቀመጥን ወንጀል አድርጎት ነበር፤ የተሻረው በ1957 ነው። በዚያው በ1948 ግን ፖርቶ ሪኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ገባች። በተባበሩት መንግሥታት ወንበር የሌለው ሕዝብ በስፖርት ወረቀት ላይ የራሱ ዓምድ አገኘ።

በዚያ ዓምድ ከአሜሪካ ጎን ሲቆሙ ደግሞ አቴንስ የመጀመሪያቸው አይደለም። ሞንትሪያል፣ 1976፦ አሜሪካ 95፣ ፖርቶ ሪኮ 94። አንድ ነጥብ! በዚያ ቀን ቡች ሊ የሚባል፣ ፖርቶ ሪኮ ተወልዶ ኒውዮርክ ሀርለም ያደገ ልጅ 18 ጊዜ ወርውሮ 15ቱን አስገባ፤ በድምሩ 35 ነጥብ። አሜሪካ ከዚያ ወርቁን ወሰደች፣ ጨዋታው ከደሴቲቱ ውጭ ተረሳ። 94 ማስገባት በመዝገብ ላይ የሚጻፈው "ተሸነፈ" ተብሎ ነው።

ከ28 ዓመት በኋላ የመጣው ካርሎስ አሮዮ ነው፤ በክለብ ደረጃ በአሜሪካው ዩታ ጃዝ የሚጫወት። 24 ነጥብ፣ 7 አሲስት፣ 4 ኳስ ቀማ። መጨረሻው አካባቢ ከሜዳ ሲወጣ ማልያውን ይዞ ደረቱ ላይ የተጻፈውን "ፖርቶ ሪኮ" የሚል ስም ወደ ፊት ወጥሮ ለተመልካቹ አሳየ። ፎቶግራፉን ፈልጋችሁ እዩት። ለዚህኛው ስታቲስቲክሱ ዓምድ የለውም፤ ታሪክ ጸሐፊ ወረቀቱን አስቀምጦ ፎቶ የሚያነሳው እዚህ ጋ ነው።

ቀሪውን ባጭሩ፦ ፖርቶ ሪኮ በሩብ ፍጻሜው በጣሊያን ተሸንፋ ወጣች። አሜሪካ በሊትዌኒያም በአርጀንቲናም ተረትታ በነሐስ ተመለሰች፤ ወርቁ የአርጀንቲና ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካኖቹ የቡድን አመራረጣቸውን ከሥሩ ለወጡና ተጫዋቾቹን ለዓመታት የሚቆይ ቃል ማስገባት ጀመሩ፤ በ2008 ቤጂንግ ላይ ወርቁን መለሱት። ፖርቶ ሪኮ ግን ከአቴንስ በኋላ በወንዶች ቅርጫት ኳስ ወደ ኦሎምፒክ ለመመለስ 20 ዓመት ፈጀባት። የተመለሰችው በ2024 ፓሪስ ላይ ነው፤ ዕጣው ከአሜሪካ፣ ከሰርቢያና ከጎረቤታችን ከደቡብ ሱዳን ጋር አንድ ምድብ ውስጥ ጣላት። አሜሪካ 104፣ ፖርቶ ሪኮ 83።