ዘርን የሚጠብቁ ኢንዛይሞች

ትዳር ያለ ልጅ ሲቆይ ጣት ቀድሞ የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ ወደ ሴቷ ነው። ባልየው ጤናማና ጠንካራ ከሆነ እርሱም መመርመር አለበት ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። በአይጦች ላይ የተደረጉ ምርምሮች ግን የአካል ጤንነት ብቻውን የዘርን ጤንነት እንደማያረጋግጥ አሳይተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ የዲኤንኤ ምልክት አኗሪ ኢንዛይሞች መጓደል ነው።

የኢንዛይሞቹ ሥራ

ዲኤንኤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የዘር መረጃ የያዘ ሞለኪውል ነው። ዲኤንኤ ሜቲል ትራንስፈሬዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ሜቲል የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት በዲኤንኤ ላይ ያኖራሉ። መረጃውን አይለውጡም፤ የትኛው ክፍል ሥራ ላይ እንደሚውልና የትኛው እንደሚታፈን ለመወሰን ግን ያገለግላሉ።

ወደፊት የወንዴ ዘር በሚሆኑት ህዋሶች ላይ የነበሩት አሮጌ ምልክቶች በፅንስ ጊዜ በአብዛኛው ይጠፋሉ፤ ኢንዛይሞቹም አዲስ ምልክት ያኖራሉ። በወንድ አይጥ ይህ ሥራ የሚጀምረው ገና ከመወለዱ በፊት ነው።

ከበቆሎ የተገኘው ምሥጢር

ምልክቱ በዋናነት ከሚያፍናቸው መካከል ከአንድ የዲኤንኤ ስፍራ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ «ዘላይ ዘረመሎች» ይገኙባቸዋል። እነዚህን አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ባርባራ ማክሊንቶክ በ1940ዎቹ የደረሰችባቸው የበቆሎ ፍሬ ለምን ዥንጉርጉር እንደሚሆን ስትመረምር ነው። በግኝቷም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። በሰው ዲኤንኤ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው ክፍል ከእንዲህ ዓይነት ዘረመሎች የመጣ ሲሆን፣ አብዛኛው ዛሬ መንቀሳቀስ አይችልም።

ኢንዛይሙ ሲጎድል

በ2004 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ዲኤንኤምቲ 3ኤል የተባለው የኢንዛይሞቹ ረዳት ፕሮቲን በሌላቸው ወንድ አይጦች ላይ ዘላይ ዘረመሎቹ እንደነቁ አረጋገጠ። የዘር ህዋሶቹ ክሮሞዞማቸውን በግማሽ የሚቀንሱበትን ክፍፍል መፈጸም ስላልቻሉ አይጦቹ መካን ሆኑ። በ2016 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ዲኤንኤምቲ 3ሲ የተባለውን ኢንዛይም አገኙ። ይህ ኢንዛይም የሌላቸው ወንዶች መካን ሲሆኑ ሴቶቹ ግን ይወልዳሉ።

ዲኤንኤምቲ 3ሲ የሚገኘው በአይጥ ወገኖች ብቻ ነው፤ በሰውም ሆነ በከብት የለም። የዘር ፍሬያቸው መጠን አነስተኛ በሆነ ወንዶች ላይ ግን የሜቲል ምልክት መዛባት በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። መዛባቱ የችግሩ መንስኤ ይሁን ውጤት በእያንዳንዱ ሰው ላይ በቀላሉ አይለይም።

ለአርሶ አደሩና ለቤተሰብ

የወንዴ ዘር በአንድ ቀን አይሠራም፤ በኮርማ 2 ወር ገደማ፣ በሰው ከ2 ወር በላይ ይወስዳል። በመሆኑም ትኩሳት ያለበት ሕመም የያዘው ኮርማ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት የማስረገዝ አቅሙ ሊቀንስ ይችላል። ቁመናው ያማረ ኮርማ ሁሉ አስረጋዥ ነው ማለትም አይቻልም። ላሞች ደጋግመው ሳይዙ ሲቀሩ ኮርማውንም በእንስሳት ሐኪም ማስመርመር ይገባል።

በሰውም እንዲሁ ነው። ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱት አብረው፣ የሚመረመሩትም ሁለቱም ሊሆኑ ይገባል።